በቨርኔል ላይ የፈረምኩት ወረቀት

ቨርኔል ከሥራ የተባረረችው ዓርብ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ያባረሯት በሁለት ምስክሮች ቃል ነው፤ አንዱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ሀረገወይን እባላለሁ። በ1985 ኦክላንድ፣ ምሥራቁ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ አፓርታማ እኖር ነበር። ሥራዬ ግን ሳን ሆዜ፣ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ነጭ ጋውንና የፀጉር ቆብ አድርገን፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን፣ ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ ከጥፍር በምታንስ ቺፕ ላይ እናያይዛለን። 'ላይን' በሚባለው አንድ የሥራ መስመር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። አሥራ አንዱ ቬትናሞች፣ ሁለቱ ፊሊፒኖዎች፣ አምስቱ የአሜሪካ ጥቁሮች፤ አሥራ ዘጠነኛዋ እኔ። ከኋላችን እየተመላለሰ የሚቆጣጠረን ሱፐርቫይዘር ሪክ ይባላል፤ እሱ ነጭ ነው።

ቨርኔል ሃምሳ ዓመቷ ገደማ ነበር። በልጅነቷ ከሉዊዚያና የመጣች፣ ድምጿ ወፍራም፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት ሴት ናት። ቤቷ ከእኔ ቤት አራት መንገድ ያህል ቢርቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ባስ ስጠብቅ አየችኝና መኪናዋን አቆመች። "ያቺ ከማይክሮስኮፑ ጋር የምትጣላው አንቺ አይደለሽም?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር ሙሉ ወስዳ መለሰችኝ። ፍሪዌይ ላይ የሚያቋርጣትን ሹፌር ሁሉ እየተሳደበች፣ በመሀል ለእኔ የትኛውን ማሽን መቀበል እንደሌለብኝ፣ የትኛዋ ሴትዮ ከሪክ ጋር ወሬ እንደምታመላልስ ታስረዳኝ ነበር።

ከመቀመጫችን ኋላ ሥራው ሲያልቅ የሚታጠብበት የኬሚካል ገንዳ አለ። ሽታው እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጣፈጥ ይላል። እስከ ምሳ ድረስ የብዙዎቻችን ራስ ይከብዳል፤ እጃቸው የሚላጥም ነበሩ። ቨርኔል በዚያ ሰሞን ትንሽ ደብተር ገዛች። በብሬክ ሰዓት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች "ራስሽን ያምሻል? እጅሽስ? ከመቼ ጀምሮ?" እያለች ትጽፋለች። ጥቁሮቹ ይነግሯታል። እኔም ነግሬያታለሁ። ቬትናሞቹ ግን ስትመጣ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ምሳቸውን ሰብስበው ይነሣሉ። ቨርኔልን ይህ ያበሳጫት ነበር። "ምን አደረግኳቸው?" ትለኛለች መኪና ውስጥ።

በሴፕቴምበር፣ ረቡዕ ቀን፣ ሪክ ወደ ፐርሶኔል፣ ማለት ወደ ሠራተኛ አስተዳደር፣ ቢሮ ጠራኝ። የፐርሶኔል ኃላፊዋ ታይፕራይተሯ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ሁለት ጥቅል የወርቅ ሽቦ ጠፍቷል" አለኝ ሪክ።

"እኔ አልወሰድኩም።"

ሳቀ። "አንቺን ማን ጠረጠረሽ? እናንተ ኢትዮጵያውያን እኮ እንደ እነሱ አይደላችሁም። ሠራተኞች ናችሁ። ከቬትናሞቹ ጋር ነው የማያችሁ።"

'እነሱ' ያላቸው እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም። ገብቶኛል። ደግሞም ደስ አለኝ። ይህን ሳልሸፋፍን መናገር እፈልጋለሁ፤ ደስ አለኝ። ካርቱም ለሁለት ዓመት ፎቅ ስጠርግ፣ እዚህ መጥቼ ወረቀት ይዤ በየቢሮው ስሰለፍ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ከማንም በላይ አድርጎኝ አያውቅም ነበር።

"ማክሰኞ ቨርኔል ሽቦው የሚቀመጥበት ሳጥን ጋ ሄዳ አይተሻታል?"

"ሁላችንም እንሄዳለን። ሽቦው ያለው እዚያ ነው።"

"ሄዳለች ወይስ አልሄደችም?"

"ሄዳለች" አልኩ።

ኃላፊዋ መታ መታ አድርጋ ጨረሰችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። 'ማክሰኞ ሴፕቴምበር 10 ቀን ቨርኔል ከሳጥኑ የሽቦ ጥቅል አውጥታ በጋውኗ ኪስ ውስጥ ስትከት በዓይኔ አይቻለሁ' ይላል። እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ኪስ የሚለውን ቃል አንብቤዋለሁ።

"ኪስ ስትከት አላየሁም" አልኩት።

"ፎርማሊቲ ነው" አለ ሪክ። ከዚያ ድምፁን ለዘብ አድርጎ "ግሪን ካርድሽ ገና ፕሮሰስ ላይ ነው አይደል?" አለኝ።

ፈረምኩ። አስፈራርቶኝ ነው ብል ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ከመፍራቴ በፊት መደሰቴን አውቃለሁ።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ዘበኛ መጥቶ ቨርኔልን ከወንበሯ አስነሣት። የምሳ ዕቃዋን እንኳ ራሷ እንድታወጣ አልፈቀደላትም፤ ሎከሯን፣ የዕቃ ሣጥኗን፣ እሱ ከፍቶ በካርቶን ሰጣት። "ምን አደረግኩ?" ስትል ሪክ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ "ያደረግሽውን ታውቂዋለሽ" አላት። በአሥራ ስምንታችን መሀል ከማይክሮስኮፑ ቀና ያለ ሰው አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ሰማያዊ መኪናዋ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ፓርኪንጉ ውስጥ እንዳትቆም ስላባረሯት ነው። ቨርኔል መሪው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

"ግቢ" አለችኝ።

"ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነሽ?"

"ወደ ቤት መመለሻ እንደሌለሽ አውቃለሁ።"

ገባሁ። ምን ይደረጋል፣ ገባሁ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሄይዋርድ ስንደርስ፣ "ስትሰርቂ አየን ብለው ሁለት ሰዎች ፈርመዋል" አለች። "ወረቀቱን አላሳዩኝም። አንደኛዋ ከቬትናሞቹ እንደሆነች ግን ሪክ ራሱ ነገረኝ። እኔ ስለ እጃቸው እየተጨነቅኩ እነሱ በእኔ ላይ ይፈርማሉ።"

"ሁለተኛዋስ?" አልኳት። ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

"እንጃ" አለች ቨርኔል። "ከእኛ መሀል ግን አትሆንም።"

ከእኛ ስትል እኔንም ጨምራኝ ነው።

አቶ ሃብተማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩኝ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በመንግሥት ሥራ ፈጅተው፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። በዚያ ምሽት ለሰው መናገር ስለነበረብኝ ወደ እሳቸው ፎቅ ወርጄ ነገርኳቸው።

"ደግ አደረግሽ ልጄ" አሉኝ። "እኛ እንግዶች ነን። በእነሱና በነጮቹ መሀል ያለው ቂም የእኛ አይደለም። ተጠየቅሽ፣ መለስሽ፣ አበቃ። አሁን ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።"

"ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ እኮ ጋሼ።"

"አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ሰው ይፈርም ነበር። ከነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ላይ እንዳትቆጠሪ ተጠንቀቂ ነው የምልሽ።"

ደሜ ፈላ። "ባለፈው ፋሲካ ፖሊስ መኪናዎን አስቁሞ አስፋልት ላይ ያስተኛዎት አገርዎን ጠይቆ ነው? ኤርትራዊ ነኝ ሲሉት ተነሡ ብሎዎታል?"

አቶ ሃብተማርያም ፊታቸው ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ንግግር ለታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። "ደህና እደሪ" ብለውኝ በራቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። ደረጃውን ስወጣ ንዴቴ በእሳቸው ላይ አልነበረም። የነገሩኝ ሁሉ ረቡዕ ዕለት እኔ በልቤ ያልኩት ነው።

ሰኞ ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በባስ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ቱየት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቱየት ከግራዬ የምትሠራ ቬትናማዊት ናት፤ አርባ ዓመት ይሆናታል፣ ሳይጎን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ስለሆነ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

"ይህን ታነቢልኛለሽ?" አለችኝ። "ሪክ ለጓንት ነው ብሎ አስፈረመኝ። እስካሁን ግን ጓንት አልሰጠኝም።" እጆቿን ዘረጋችልኝ። ጣቶቿ መሀል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቀይ ሥጋ ይታያል።

ኮፒ ነው። ሌሎቻችን የማንጠይቀውን ኮፒ እሷ ጠይቃ ወስዳለች፤ አገሯ ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን አይታለች። አነበብኩት። 'ማክሰኞ ሴፕቴምበር 10 ቀን ቨርኔል ከሳጥኑ የሽቦ ጥቅል አውጥታ በጋውኗ ኪስ ውስጥ ስትከት በዓይኔ አይቻለሁ።' የእኔው ዓረፍተ ነገር ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተለወጠችም።

ቀስ እያልኩ አስረዳኋት። ስትሰማ ዓይኗ ሰፋ።

"ማክሰኞ?" አለች። "ማክሰኞ እኔ የለሁም። ለእጄ ክሊኒክ ሄጃለሁ።" ከዚያው ፕላስቲክ ውስጥ የክሊኒኩን ካርድ አወጣች፤ ቀኑ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ሴፕቴምበር 10።

ያኔ የተሰማኝን ንዴት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ እንኳ አላውቀውም። ሰውየው ውሸቱን ለማሳመር እንኳ አልደከመም። ያን ቀን ሥራ ትግባ አትግባ አላጣራም። ለእኔ የተመታውን ለእሷም መቶ አስፈረማት፣ ማን ያነበዋል ብሎ። ከእነሱ በላይ ናችሁ ያለን ለዚህ ነው። እኛ ለእሱ ሁለት ፊርማ ነበርን።

"እኔም ፈርሜያለሁ" አልኳት።

"አንቺም ለጓንት?"

"አይ። እኔ አንብቤ ነው የፈረምኩት።"

ቱየት ወረቀቷን አጥፋ ወደ ፕላስቲኩ መለሰች። ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አልሄደችም። "ሪክ፣ ቨርኔል ስማችሁን እየጻፈች ለኢሚግሬሽን ትልካለች ብሎናል" አለች። "አትንገሯት፣ እናንተን ከአገር ልታስባርር ነው አለን።"

ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ነገርኳት። የማን ራስ እንደሚያም፣ የማን እጅ እንደተላጠ፣ ሁለት ሴቶች ፅንስ እንደወረደባቸው። የመጨረሻውን ስነግራት ቱየት ሁለት የቆሰሉ እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። "ሦስት በይ" አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከሳን ሆዜ በባስና በባርት መጣች። ጣቢያ ተቀብያት ወደ ቨርኔል ቤት ሄድን። ቨርኔል ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ገና ባርኔጣዋን አላወለቀችም። በሽቦ ወንፊት በሯ ጀርባ ቆማ ሁለታችንንም ተመለከተች።

ሳልቀመጥ፣ ሳትከፍትልኝ፣ ነገርኳት። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ አልኳት።

ቨርኔል ወዲያው አልጮኸችም። "በመኪናዬ ስትሳፈሪ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እኔ አምስት ሰዓት ተኩል ጠብቄሻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

ያኔ ጮኸች። ጎረቤቶቿ በረንዳ ላይ ወጡ። ያለችኝን ሁሉ አልደግመውም፤ ያለ ጥፋቴ የተባልኩት ቃል አልነበረበትም። ከዓመት በፊት የመጣሁ ሰው ከመቼው እሷን መናቅ ተማርኩ አለችኝ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው የሚያስተምሩት? አምላኬ ሰው ስጠኝ ብዬ ባስ ጣቢያ የቆምኩት እኔ አይደለሁም? እናቷ በሰው ቤት ስታጥብ፣ እሷ በዚህች ከተማ ሥራ ለማግኘት መፈክር ይዛ በተቃውሞ ሰልፍ ስትዞር፣ እኔ የምገባበትን በር የከፈተው ማን መሰለኝ? አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ከዚያ በሩን ከፈተችና ቱየትን "አንቺ ግቢ" አለቻት። ለእኔ "አንቺ እዚያው ቁሚ።"

በረንዳው ላይ ቆሜ በወንፊቱ ውስጥ አዳመጥኩ። ቱየት የምታውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አሟጣ ተናገረች። ስለ ጓንቱ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ሪክ ስለ ደብተሩ ስላላቸው። ቨርኔል መጀመሪያ አላመነችም። "ሪክ ለእኔ ደግሞ የኬሚካሉን ወሬ እንድታቆሚ የጠየቁት ቬትናሞቹ ናቸው፣ ኦቨርታይም እንዳይቀርባቸው ፈርተው ነው አለኝ" አለች። "እኛ አላልንም" አለች ቱየት። ቀጥሎ የሰማሁት የቨርኔልን ቡጢ ነው፤ ጠረጴዛውን መታችው።

ወደ በሩ መጣች። "ይግባኝ ብያለሁ" አለችኝ። "አንኢምፕሎይመንቴን፣ የሥራ አጥ ድጎማዬን፣ በሌብነት ስም ከልክለውኛል። ዳኛ ፊት ትመሰክሪያለሽ?"

"እመሰክራለሁ።"

"ሥራሽን ታጫለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እዚያ ገብተሽ አስፈራሩኝ ብለሽ እያለቀስሽ ለራስሽ እንዳታዝኝ።"

"አንብቤ ፈረምኩ ነው የምለው።"

ወንፊቱን ከፈተችው። "ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ" አለች። "ሥራ ስላለብን ነው።"

ጉዳዩ የተሰማው ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ ባለች መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ዳኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሽማግሌ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ መቅጃ ቴፕ ይዞራል። ከወዲያ ሪክና የፐርሶኔል ኃላፊዋ፣ ከወዲህ ቨርኔል፣ ቱየት፣ እኔና ለቱየት የተመደበላት አስተርጓሚ።

ኃላፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች አቀረበች። "ሁለት የማይቀራረቡ፣ ከተከሳሿ ጋር ጠብ የሌላቸው ምስክሮች" አለች።

ቱየት ተጠራች። ዳኛው ያየችውን እንድትናገር ጠየቃት። "ያየሁት ሐኪም ነው" አለች በአስተርጓሚዋ በኩል፣ ካርዱንም ሰጠችው። ዳኛው መነጽሩን አወረደ። ካርዱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። ሪክ ጎንበስ ብሎ ለኃላፊዋ አንሾካሾከላት።

"ምናልባት ቀኑን ተሳስታ ይሆናል" አለች ኃላፊዋ።

"ቀኑን የጻፈው ማነው?" አላት ዳኛው።

እኔ ተጠራሁ።

"ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"የሚለው እውነት ነው?"

"ውሸት ነው። ስፈርምም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።"

ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። "እንግዲያው ውሸታም መሆንሽን እያመንሽ ነው። ዛሬስ በምን እናምንሻለን?"

"አዎ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ" አልኳት። "ውሸቱን የመታሽው አንቺ ነሽ፣ የነገረሽ እሱ ነው፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሦስታችንም እዚህ አለን። ሁለታችሁ አልዋሸንም ካላችሁ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለዳኛው አንብቡለት። አንድ ቃል ልዩነት ካላቸው እኔ እታሰር።"

ዳኛው ራሱ አነበባቸው። ሲጨርስ ወደ ሪክ ዞሮ "የጠፋው ሽቦ ለፖሊስ ተመዝግቧል?" አለው። አልተመዘገበም። "ስንት ጥቅል እንደጠፋ የሚያሳይ ሰነድ አለ?" የለም። መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ራሱ ሪክ ብቻ ነበር።

ቨርኔል ረታች፤ ደብዳቤው በአሥር ቀን መጣ። ሥራዋን ግን አልመለሱላትም። ዳኛው ይህን የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ደብዳቤው በመጣ በማግሥቱ ሪክ ላይኑ መሀል ቆሞ "ቱየት፣ ሀረገወይን፣ ሥራ ቀንሷል። ሌይኦፍ ናችሁ። ዕቃችሁን ያዙ" አለ።

እኔ ጋውኔን ማውለቅ ጀመርኩ። ቱየት ተነሣች፤ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። ወደ ላይኑ ዞራ በቬትናምኛ መናገር ጀመረች። አልጮኸችም። ክፍል ፊት የቆመች አስተማሪ ነበረች። ሪክ "በእንግሊዝኛ ተናገሪ" ቢላትም ዞር ብላ አላየችውም። ምን እንዳለች ዛሬም ቃል በቃል አላውቅም፤ የቨርኔልን ስም ሦስት ጊዜ ሰማሁ፣ ስለ ኢሚግሬሽን ሰማሁ፣ እጆቿን ከፍ አድርጋ ስታሳያቸው አየሁ። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ያለችው አሮጊት ቬትናማዊት የፀጉር ቆቧን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው። ከዚያ ጥቁሮቹ። ፊሊፒኖዎቹ መጨረሻ ላይ ተነሡ። ከአሥራ ስምንታችን ሁለት ብቻ ቀሩ።

ውጭ፣ ፓርኪንጉ ላይ ቆምን። እኔ ከማዶ ባለው የሕዝብ ስልክ ለቨርኔል ደወልኩላት። ሰዓት ሳይሞላ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት ሲሸሿት የነበሩት ሴቶች ሰልፍ ይዘው፣ እየተረጎሙ፣ ሕመማቸውን አስጻፏት። ሁሉም ነገር ግን ሰላም አልነበረም። ከጥቁሮቹ አንዷ ወጣት "እስካሁን የት ነበሩ? ሲያባርሯት ቀና ያለ ሰው አላየሁም" አለች። አንዲት ቬትናማዊትም ወንድሟ በኦክላንድ መንገድ ላይ በጥቁር ልጆች መደብደቡን አስታውሳ፣ ለምን እዚህ እቆማለሁ አለች። ቨርኔል ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠቻቸው። "ልክ ነሽ። ተናደጂ። እዚሁ ቆመሽ ግን ተናደጂ።"

ከሰዓት በኋላ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ከነክራቫቱ ወጣ። የላይኑ ሥራ ለጦር ሠራዊት የሚላክ ስለነበር መቆሙን አልቻሉትም። ጓንት እንሰጣለን አለ። የኬሚካሉን ትነት ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ገንዳው ላይ እናስገባለን አለ። የሁለቱ ሴቶች ሌይኦፍ ተሽሯል አለ። ከዚያ ወደ ቬትናሞቹ ዞሮ እንደ ዘመድ ፈገግ አለ። "እናንተ ጎበዝ ሠራተኞች ናችሁ። የቨርኔል ጉዳይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተዘግቷል። በሰው ጣጣ ሥራችሁን አትጡ።"

ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። በፐርሶኔል ቢሮ ውስጥ አይቼዋለሁ። "ለእኔም እንደዚህ ብለውኛል" ብዬ ጮህኩ። "ከእነሱ ትሻያለሽ ብለውኝ ነው ያስፈረሙኝ።"

ሥራ አስኪያጁ እኔን አላየኝም። ቱየትን ይጠብቃል። እሷ ከገባች ሌሎቹ እንደሚከተሉ ያውቃል። ባሏ ሥራ የለውም፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን።

"ሌላ ጉዳይ አይደለም" አለች ቱየት። እንግሊዝኛው እየከበዳት በጣቷ ቨርኔልን፣ እኔን፣ ራሷን አመለከተች። "አንድ ወረቀት ነው። እሷ ካልገባች፣ እኔ አልገባም።"

አሥራ አንድ ቀን ውጭ ቆምን። አራቱ በመሀል ተመልሰው ገቡ፤ ልጅ ያላቸው ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። የቱየት ሰፈር ሰዎች ሩዝ፣ የቨርኔል ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዶሮ ያመጡልን ነበር። አቶ ሃብተማርያም አልመጡም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካምፓኒው ለቨርኔል ሥራዋን እንደሚመልስ ተናገረ። ቨርኔል ግን ስሜ በላይኑ ሠራተኞች ፊት ከሌብነት ይንጻልኝ አለች፤ ያዋረዱኝ እዚያ ነው አለች።

ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም ጋውናችንን ለብሰን ከየወንበራችን አጠገብ ቆምን። ሪክ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል፤ አላባረሩትም። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አወጣና አነበበ። 'በተፈጠረው አለመግባባት ካምፓኒው ያዝናል' ይላል።

"አቁም" አለችው ቨርኔል።

አቆመ።

"አለመግባባት አልነበረም። ሁላችሁም ተግባብታችኋል። ሪክ ለኃላፊዋ ነገራት፣ እሷ ወረቀቱን መታችው። ያቺ ደግሞ ፈረመችው።" በጣቷ አመለከተችኝ። አሥራ ስምንት ሰው ዞሮ አየኝ፤ እኔም ወለሉን አላየሁም፣ እነሱን አየኋቸው። "ቃሉን ለውጠው።"

"ደብዳቤው በጠበቃ የተዘጋጀ ነው" አለ ሰውየው።

ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። ገንዳው ላይ የገጠሙት አዲሱ ማራገቢያ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ባዶዎቹን ማይክሮስኮፖች አየ፤ ከዚያ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣ። 'አለመግባባት' የሚለውን ሰርዞ ከላዩ በእጁ 'የሐሰት ክስ' ብሎ ጻፈና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም" አለች ቨርኔል።

ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበ። ቱየት ለቬትናሞቹ በቋንቋቸው ደገመችላቸው። ያኔ ቨርኔል ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እኛም ተቀመጥን።